አማናውን የበላ ጠበቃ በማን ይጠየቃል?

 

በመድረሳ ፊቅህ የቀመሰ ሰው ሁሉ «ወካላ» የሚለውን ምዕራፍ ያስታውሰዋል። ወኪል በሌላው ሰው ስም ይናገራል፣ ይቀበላል፣ ይፈርማል፤ በእጁ የገባው ገንዘብ ግን የራሱ ሳይሆን አማና ነው። በዘመናዊው ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚባለውም ከዚህ የራቀ ሰው አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ወደ ጠበቃ ደጅ የሚወስዳቸው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ነው፤ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የመኪና አደጋ፣ ፍቺ፣ የቤት ኪራይ ክርክር። ቋንቋውም ሕጉም እንግዳ ነው፤ ገንዘቡ ግን የላብ ዋጋ ነው። ታዲያ ወኪሉ አማናውን ቢበላ ማን ይጠይቀዋል? በዚህ ወር ይህንን በካሊፎርኒያ ምሳሌ እንመለከታለን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

አሜሪካ ውስጥ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ጠበቆች በራሱ ደንብ ያስተዳድራል። በካሊፎርኒያ ይህንን የሚሠራው «ስቴት ባር» የሚባለው የጠበቆች ማኅበር ሲሆን በ1927 በሕግ የተቋቋመ ነው። ማኅበር የሚለው ስም እንዳያሳስተን! እንደ ዕድር ሰው ወዶ የሚገባበት፣ ሲከፋው የሚወጣበት አይደለም። በዚያ ክፍለ ሀገር በጥብቅና መተዳደር የሚፈልግ ሁሉ በዚህ ተቋም መዝገብ ላይ መስፈር ግዴታው ነው። ተቋሙ የመግቢያ ፈተናውን ያዘጋጃል፣ ዓመታዊ ክፍያ ይሰበስባል፣ አቤቱታ ይቀበላል፣ ይመረምራል። ጥፋት ያገኘበትን ጠበቃ የራሱ ዳኞች ባሉት የዲሲፕሊን ፍርድ ቤት ይከሳል። ፈቃድ ይሰረዝ ከተባለ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ከጥንት ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ ነበረ። ይህ ተቋም የቆመው ለጠበቆቹ ነው ወይስ ለባለጉዳዩ? ለረጅም ዘመን ሁለቱንም ነኝ ሲል ቆየ። የጠበቆቹን ስብሰባና የሙያ ክበብ ያዘጋጃል፤ በሌላ እጁ ደግሞ እነዚያኑ ጠበቆች ይቀጣል። በ2018 የክበቡ ሥራ ተነጥሎ ለሌላ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ተሰጠ፤ ስቴት ባር ከዚያ ወዲህ የተቆጣጣሪነቱን ሥራ ይዞ ቀረ። መለያየቱ ዘግይቷል ባዮች ነን። ለምን እንደዘገየ የምንለውንም የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ከጃካርታ የተነሣ የላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ ማርች 10 ቀን 2019፣ የዚያው ዓይነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ነፍስ የጠፋበትን ቀን የማያስታውስ አንባቢ አይኖርም። ካሣ ለመጠየቅ የሁለቱም አደጋ ቤተሰቦች አሜሪካ ቺካጎ ድረስ ሄደው በጠበቃ መከራከር ነበረባቸው።

ከላየን ኤር ቤተሰቦች አንዳንዶቹን የወከለው የሎስ አንጀለሱ ቶማስ ጂራርዲ ነበር። ይህ ሰው ተራ ጠበቃ አይደለም። ሂንክሊ በምትባል መንደር የመጠጥ ውኃ በመበከሉ በኃይል ማመንጫ ኩባንያው ላይ በቀረበው ክስ፣ በ1996 ለነዋሪዎቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ካስከፈሉት ጠበቆች አንዱ ነው፤ ያ ታሪክ «ኤሪን ብሮኮቪች» በሚለው ፊልም ዓለም ያየው ነው። የድሀ ጠበቃ ተብሎ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ቦይንግ ካሣውን ከፈለ፤ ገንዘቡ ጂራርዲ ቢሮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ባሎቻቸውንና አባቶቻቸውን ላጡት ቤተሰቦች ሊደርስ ከሚገባው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር ሳይደርስ ቀረ። በዲሴምበር 2020 የቺካጎው ፌዴራል ዳኛ ሰውዬውን ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ብሎ ንብረቱን አሳገደ። የየቲም ገንዘብ መብላት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን የኋላው ነው። ስቴት ባር በ2022 ራሱ እንደገለጸው፣ በአርባ ዓመታት ውስጥ በዚህ ሰው ላይ 205 አቤቱታዎች ቀርበው ነበር። ሁለት መቶ አምስት! የጥብቅና ፈቃዱ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ንጹሕ ተብሎ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ተቋሙ በውጭ መርማሪዎች ያስጠናው ዘገባ በ2023 ሲወጣ፣ ጂራርዲ በተቋሙ ውስጥ ከነበሩ ሰዎች ጋር በስጦታና በግብዣ ጭምር የተሳሰረ እንደነበር አረጋገጠ። እንግዲህ ጠባቂው ከተጠባቂው ማዕድ ሲቆርስ ከረመ ማለት ነው። ፈቃዱ የተሰረዘው በ2022 ሲሆን፣ በ2024 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሌሎች ደንበኞችን ገንዘብ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። በ2025 ሰባት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ሲፈረድበት ዕድሜው 86 ነበር።

ከዚህ ጉድ በኋላ ደንቡ ጠበቅ ብሏል። ከ2023 ጀምሮ ጠበቃ የደንበኛውን ገንዘብ ሲቀበል በ14 ቀን ውስጥ ለደንበኛው ማሳወቅ አለበት። ክርክር የሌለበትን ድርሻም በቂ ምክንያት ከሌለው በስተቀር በ45 ቀን ውስጥ መክፈል ይጠበቅበታል። የደንበኞች ገንዘብ የሚቀመጥበትን የአደራ ሒሳብ በየዓመቱ ለተቋሙ ያስመዘግባል። ከዚያው ዓመት ኦገስት ወር ወዲህ ደግሞ አንድ ጠበቃ የሌላው ጠበቃ ገንዘብ መብላቱን እያወቀ ዝም ቢል ራሱ ይጠየቃል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም።

ስለ አደራ ሒሳቡ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ ወለድ ነውና የሚያሳስባቸው ወገኖች ብዙ ናቸው። ጠበቃው ለአጭር ጊዜ የሚይዘው ወይም አነስተኛ የሆነው የደንበኞች ገንዘብ በአንድ የጋራ ሒሳብ ይቀመጣል። ከእርሱ የሚገኘው ወለድ ለጠበቃውም ለደንበኛውም አይሰጥም፤ በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት በስቴት ባር በኩል ለድሆች ነፃ የሕግ እርዳታ ለሚሰጡ ድርጅቶች ይሄዳል። ገንዘቡ ብዙ ሲሆንና ሲቆይ ግን በደንበኛው ስም ተለይቶ ስለሚቀመጥ ወለዱም የደንበኛው ይሆናል። ይህን የማይሻ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን ያነጋግር።

ወደ ተራው ቤተሰብ ጉዳይ እንመለስ። ስቴት ባር ለባለጉዳይ ከሚሰጠው አገልግሎት እጅግ ቀላሉ፣ ብዙ ሰው ግን የማይጠቀምበት፣ የጠበቆች መዝገቡ ነው። የጠበቃውን ስም ወይም የፈቃድ ቁጥር ብቻ ይዞ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን፣ ከዚህ ቀደም ተቀጥቶ እንደሆነም በነፃ ማየት ይቻላል። የጂራርዲን ታሪክ የሰማ ሰው ንጹሕ መዝገብ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ይረዳል፤ ቢሆንም ስሙ ጭራሽ የሌለበትን ሰው ለመለየት ይህን የመሰለ መሣሪያ የለም። በየሰፈሩ «ወረቀት እሞላለሁ፣ ጉዳይ እጨርሳለሁ» የሚሉት ብዙዎቹ ጠበቃ አይደሉም። በካሊፎርኒያ የኢሚግሬሽን ቅጽ በክፍያ የሚሞላ ሰው የሕግ ምክር መስጠት ተከልክሏል፤ ዋስትናም ማስያዝ አለበት። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ የሌላ ክፍለ ሀገር ፈቃድ ይዞ ሊሠራ ስለሚችል፣ እዚህ መዝገብ ላይ ስሙ ሲታጣ «ፈቃድህ የየት ነው?» ብሎ ጠይቆ የዚያን ክፍለ ሀገር መዝገብ ማየት ይገባል።

ክፍያው ከ1 ሺህ ዶላር እንደሚበልጥ የሚገመት ከሆነ ውሉ በአብዛኛው በጽሑፍ መሆን አለበት። «ካሸነፍን ከሚገኘው ይህን ያህል» የሚባለው ውልም እንዲሁ። በክፍያ መጠን ጠብ ቢነሣ ደንበኛው በግልግል ዳኝነት እንዲታይለት ሲጠይቅ ጠበቃው አልቀርብም ማለት አይችልም። ጠበቃ መቀየር ያሰበ ደንበኛ ዶሴውን ሲጠይቅም ይሰጠዋል፤ ክፍያ ቀርቶብሃል ብሎ መያዣ ማድረግ አይፈቀድም።

አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው፤ ዜግነትም አይጠይቅም። አንዳንዶች «ወረቀቴ አላለቀም፣ ብናገር ይጠቁምብኛል» ብለው ዝም ይላሉ። በሥራ ወይም በቤት ኪራይ መብቱ የተከራከረን ሰው የኢሚግሬሽን ሁኔታህን እጠቁማለሁ እያለ የሚያስፈራራ ጠበቃ እስከ ፈቃድ መሰረዝ ሊያደርሰው የሚችል ጥፋት መሆኑ በሕጉ በግልጽ ተጽፏል።

ስቴት ባር የተበላሸን ክስ አያቃናም፣ ለግለሰብ ጠበቃ ሆኖም አይከራከርም። ጠበቃው ደካማ ስለሆነ ተረታሁ የሚል ሰው መፍትሔውን በሌላ ጠበቃ ካሣ በመጠየቅ ይፈልጋል። ጠበቃው ገንዘቡን ሰርቆ ከሆነ ግን ከጠበቆች ዓመታዊ መዋጮ የተቋቋመ የደንበኞች ካሣ ፈንድ አለ፤ ለአንድ ባለጉዳይ እስከ 100 ሺህ ዶላር ሊተካ ይችላል። የሚተካው በማታለል የተወሰደውን እንጂ በስንፍና የጠፋውን አይደለም። ማመልከቻውም ጉዳቱ ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ከሚገባው ጊዜ አንሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህም ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስረጃውንና ከጠበቃው የተላኩትን መልእክቶች ሁሉ ይጠይቃሉ። ገንዘብ በጥሬው ለሚከፍሉ ቤተሰቦቻችን ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ጠበቃው በጥሬ ገንዘብ የተቀበለውን በዚያው ዕለት ቀንና መጠን ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ።