ፀሐይ ቀለበት የሆነች ዕለት



ባለፈው እሑድ ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቻችን ጋር በላስታ አንድ ጋራ ላይ ወጣን። ጫፉ ላይ አረፍ እንዳልን አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ያኔ ፀሐይን የጋረዳት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ያኔ ያሉት ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያም ቀን እሑድ ነበር። ጠዋት በላሊበላ ሰማይ የፀሐይ መሐል ጠቆረ። ዳር ዳሯ ብቻ እንደ ቀለበት አበራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል አለፈች። ነገር ግን ከምድር ራቅ ብላ ስለነበረች ፀሐይን በሙሉ መሸፈን አልቻለችም።

«እኔ እኮ በባዶ ዓይኔ አተኩሬ አየኋት። ከዚያ ወዲህ የማየው ነገር መሐሉ ይጠፋብኛል» አሉኝ። ደነገጥሁ። ለካ እኔ ፊደል የሚረሱ መስሎኝ ነበር! ሰኞ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ወደ ዓይን ሐኪም ተላኩ።

የፀሐይ ብርሃን ዓይንን ሲጎዳ አያምም። ጉዳቱ የሚታወቀው ኋላ ነው። ጥላሸት የተቀባ መስታወትም ሆነ ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም። በሳፋ ውሃ ውስጥ ማየትም ያው ነው።

ታዲያ እንዴት እንይ? ካርቶን በመርፌ ብሱ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ይረፍ። የፀሐይን መልክ ወረቀቱ ላይ ታያላችሁ። በቀዳዳው ግን ፀሐይን አትዩ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በአገራችን ፀሐይ በከፊል የምትጋረድበት ቀን ነው። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።