ስለ ድንኳንና ስለ መንገድ ማደሪያ

ብዙ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው አገር ሊያሳዩ ቢመኙም፣ የሆቴሉን ሒሳብ ባሰቡ ጊዜ ጕዞውን ይተዉታል። ድንኳን ያለው ቤተ ሰብ ግን ቤቱን ጭኖ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የሚተክልበትን ስፍራ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበቃዋል።

ለዚህ በምሳሌነት የምናቀርበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው። ይኸውም በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በድንሾ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ የድንኳን ስፍራ አለ። መንገደኛው የመግቢያውንና የማደሪያውን ዋጋ በዚያው ከፍሎ ያድራል፤ ልጆቹም የደጋ አጋዘን በአቅራቢያቸው ሲግጥ ለማየት ይችላሉ። ስንቁን በሻሸመኔ ወይም በዶዶላ ገበያ ቢሸምት ወጪው ይቀልለታል።

ዳሩ ግን ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል የብርድ ልብስ ማጕደል አይገባም። ድንሾ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከ4000 ሜትር በላይ ያለውንም የሳነቲን አምባ ቀን ጐብኝቶ፣ ሕፃናትን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ተመልሶ ማደር ይሻላል።

ከፓርክ ውጭ ማደር ግድ ቢሆን፣ ካስማ ከመምታት በፊት የአገሬውን ፈቃድ መጠየቅ፣ ለዘበኛም ተገቢውን ዋጋ መስጠት እንደሚገባ አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን። ሳያስፈቅዱ በነጻ የሰፈሩበት ሜዳ፣ በእኩለ ሌሊት ልጆችን ቀስቅሶ የሚያስነሣ ከሆነ፣ ከሆቴል ይልቅ ውድ ይሆናልና።