ጉበትህ ስንቱን ይቻለው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጠጣ ጠጣ እናደርጋለን። እሁድ ጠዋት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሲደርስ ፓራሲታሞል አራት አራት እውጣለሁ፤ ካልተወኝ እደግመዋለሁ። እጮኛዬ «ራስህን እየገደልክ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን ምን ያደርገኛል ባይ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከተኮራረፍን ሳምንት ሆነን። ለመሆኑ ልክ ማናችን ነን?

የእሁዱ ነኝ (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን የእሁዱ፣ እንቅጩን እንንገርህ፤ ልክ እጮኛህ ናት።

ሰውነታችን ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። የገባውን መርዝ ለዋውጠው በሽንት እንዲወጣ ያመቻቹታል። ትልቁ ፋብሪካቸው ጉበት ነው። የጠጣኸውን አልኮል አንዱ ኢንዛይም መጀመሪያ ከራሱ ከአልኮሉ ወደ ባሰ መርዝ፣ ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጠዋል፤ ሌላው ደግሞ ተቀብሎ ያመክነዋል።

ፓራሲታሞሉም የሚሄደው እዚያው ነው። አብዛኛው በሰላም ይወጣል። ጥቂቱን ግን አንድ ኢንዛይም መርዝ ያደርገዋል። አዎ፣ ዘበኛው ራሱ አንዳንዴ መርዝ ይሠራል! ይህን መርዝ ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ያከሽፈዋል። ኪኒኑ ሲበዛ ግሉታታዮኑ ያልቅና መርዙ ወደ ጉበቱ ይዞራል። አዘውትሮ መጠጣት መርዝ ሠሪውን ኢንዛይም ያበዛዋል፤ ሳይበሉ መዋል ደግሞ ግሉታታዮኑን ያሳንሰዋል። እንግዲህ ጠጥቶ አድሮ በባዶ ሆዱ አራት አራት የሚውጥ ሰው ምን ላይ እንዳለ አንተው ፍረድ።

ለጤነኛ አዋቂ ልኩ ባለ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 2 ፍሬ፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ ነው። ለሚጠጣ ሰው ከዚያም ሊያንስ ስለሚችል ሐኪም ጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደምረህ ቁጠር።

ክፋቱ፣ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ደህና መስሎ ሊውል ይችላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ይባላል፤ ይበልጥ የሚያድነው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ መተኛት የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል!

እሁድ ጠዋት ውኃ ጠጣ፣ ቁርስህን ብላ፣ ተኛ። ቅዳሜውንም ቀነስ አድርገው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ደውልላትና ይቅርታ ጠይቃት። ለጉበትህ ካንተ ይልቅ ያሰበችው እሷ ናትና።