ድራኩላና የጽሕፈት መኪና
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ይህ እትም ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ላሳተመው «ድራኩላ» የተሰጠ ነው። ደራሲው የላይሲየም ቴአትር ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ትራንሲልቫኒያን በዓይኑ ሳያይ፣ መጻሕፍት አገላብጦ ነው ስለ እሷ የጻፈው።

ፊልሞቹ የደም መጣጩን የድራኩላን ጥርስና ካባ አስለምደውናል። እኔን የሚይዘኝ የልቦለዱ ጥድፊያ ነው። የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የጋዜጣ ቁራጭ እየተቀባበሉ ያስሮጡናል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ የሆነችው ሚና ሁሉንም በጽሕፈት መኪና ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ስታሰናዳው፣ የተበታተነው ወሬ ድራኩላን ማደኛ ይሆናል። (እንዲህ ያለች ባልደረባ የታደለው የትኛው አዘጋጅ ነው!) ድራኩላም ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ሌሊት ገብቶ ወረቀቱን ያቃጥላል። ሌላው ቅጂ ግን ካዝና ውስጥ ነበር።

አደኑን የሚመራው ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ ንግግር ሲያበዛ ታሪኩ ይጎተታል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ታገሡ። በእንግሊዝ ዊትቢ ወደብ ማዕበሉ ድራኩላን የጫነችውን መርከብ ሲያመጣት ግን መጽሐፉን አስቀምጦ የሚተኛ ያለ አይመስለኝም።