ዳኛውን አልጫወትም

ይሄን የምጽፈው ለአንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። የቀራችሁትም ብታነቡት አይከፋኝም፤ ግማሾቻችሁ ካሜራ ይዛችሁ ታሪክ ፍለጋ የምትዞሩ ናችሁና።

ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱን ወጥቶ ቁስቋም ድረስ መጣልኝ፤ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ። ቡና ተፈላ፣ የድሮው ተነሳ፣ በረካው ላይ ስንደርስ ከቦርሳው ስክሪፕት አወጣ። ተከታታይ የወንጀል ድራማ ነው፣ 12 ክፍል። ሽፋኑ ላይ ከርዕሱም በላይ ገኖ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ ታሪኩን አወቅሁት። የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለአንዲት ሞባይል ብለው የወጉት።

ተዋንያኑን መርጦ ጨርሷል። ለገዳዩ ስሙ የታወቀ መልከ መልካም ልጅ አግኝቷል (ገዳይ ለምን ሁልጊዜ ቆንጆ እንደሚሆን አንድ ቀን የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ)። ለሟች እናት «እንባዋ ቶሎ የሚመጣላት» ተዋናይት ሰምቷል። ለእኔ የዳኛውን ቦታ አስቀምጦልኛል። «ቲቸር፣ የእርስዎ ሽበት እኮ ብቻውን ይፈርዳል» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እናትየውስ ምን አለች?» አልኩት።

«የትኛዋ እናት?»

«የልጁ እናት ናታ!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ስም እኮ ቀይረናል ቲቸር» አለኝ።

እናትየው ድንችና ሽንኩርት በመደብ ደርድራ የምትሸጥበት ጉልት ከእኔ በር ሰባት ደቂቃ በእግር ነው። ልጄ ሁለት ታክሲ ቀይሮ እኔ ጋ ደርሷል። ሰባቷን ደቂቃ አልሄደም።

«ስም ቀይረናል» የምትለዋን ነገር እስቲ እንያት። በእኛው አገር፣ በትልቅ ፊልም ላይ ተሞክራለች። «ድፍረት»ን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት። ተደፈረች። ከተዘጋባት ቤት ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ጠላፊው ሲደርስባት በራሱ መሣሪያ ገደለችው። መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የዚያን ጊዜው ሕግ፣ የ1949ኙ ማለቴ ነው፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ የሚከሰስበትን በር ይዘጋ ነበር። ያ በር የተከፈተው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ቁጥሩን ስታዩ አንድ ዓመት እንዳይመስላችሁ፤ በፈረንጁ 1996 እና በእኛ 1996 መካከል ስምንት ዓመት አለ።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይሄን ታሪክ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸው። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ልጅቷን ሆነው ተጫወቱ። ጥሩ ፊልም ነው፤ አልክድም፣ አልቅሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካች ምርጫ ሽልማት ወስዷል፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን በአዘጋጅነት አስገብታበታለች።

አሁን የተዋንያኑን ዝርዝር ልብ ብላችሁ እዩት። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በስሟ። ልጅቷ ግን ሂሩት ናት። ለመሸሸግ ነው እንዳትሉኝ፤ አበራሽ ከዓመታት በፊት ለቢቢሲ በተሠራ ዘጋቢ ፊልም በስሟና በፊቷ ቀርባ ነበር። የተሸሸገ ነገር አልነበራትም። እና ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ፣ እንግዳው ቦታውን ይዞ ሳለ፣ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ታሪኩ የእኔ ነው፣ ፈቃዴ የለበትም ያለችው አበራሽ ነበረች። በኋላ በስምምነት አልቆ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። ያ ስምምነት ግን ካሜራው ሳይነሳ በፊት፣ ቡና ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ይሄ የሐበሻ ነገር ነው የምትሉም ትኖራላችሁ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትፍሊክስ የጄፍሪ ዳመርን ተከታታይ ድራማ ሲያወጣ፣ የአንዱ ሟች እህት ፍርድ ቤት ቆማ የጮኸችውን ጩኸት አንዲት ተዋናይት በልብሱም በፀጉሩም ሳይቀር አስመስላ ደገመችው። እህትየው ማንም ያነጋገረኝ የለም አለች። ገዳዩን የተጫወተው ኤቫን ፒተርስ ግን በተከታዩ ጥር ጎልደን ግሎብ ወሰደ።

ልጄ ደግሞ ሕግ አምጥቶብኛል። «ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው የወሰድኩት፣ መዝገብ የሕዝብ ነው» ይላል። ሰው የኖረውን ሕይወት የቅጂ መብት አዋጁ እንደ መጽሐፍ አይጠብቅለትም፤ እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ አይታይ ሲልም ቀጥሎ ብዙ የማይመለከታቸው ነገሮች ይዘረዝራል። እሺ፣ ክርክሩን ታሸንፍ ይሆናል። ግን መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰዓቱ፣ ቢላዋው፣ የምስክሮች ቃል ነው። የቀረውን ከየት አመጣኸው? ክፍል ሦስት ላይ የሟች እናት በለቅሶው ድንኳን መሀል ተነስታ የገዳዩን እናት ከነዘር ማንዘሯ ስትረግም ጽፈሃል። እኔ ለቅሶው ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል አልወጣትም። የገዳዩ ቤተሰብ ዛሬም እዚሁ ሰፈር ነው ያለው፤ በአንድ እድር ናቸው፣ በአንድ መንገድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ሁለቱ ሴቶች በዓይን እንኳ ለመተያየት ስንት ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ መዝገብ ላይ የለም። ያንተ ድራማ ሲወጣ ሰፈሩ የሚያምነው ያየውን ነው። «ለካ ረግማታለች!» ይባላል። አንተ ለክፍል አራት ተመልካች ታገኛለህ። እነሱስ?

«እንዲህ ከሆነማ ማንም ስለ ወንጀል ፊልም አይሠራም፤ ሹሙም ሌባውም ፈቃድ ጠይቁኝ ይላል» ብላችሁ እንደምትመጡብኝ አውቃለሁ። ሹሙን አትጠይቁት። ጉቦ የበላውን፣ መዝገብ የደበቀውን መርማሪ፣ በሥልጣኑ ሰው ያስገረፈውን አትጠይቁት፤ በማስረጃችሁ ቁሙበት፣ እኔም እቆማለሁ። እኔ የማወራው ነገሩ ስለደረሰበት ሰው ነው። አበራሽ ስሜን አታጥፉ አለች። ሌላዋ ስሜን አታንሱ ትል ይሆናል። ሦስተኛዋ ስሙን ጥሩልኝ፣ አገር ይስማው ልትል ትችላለች። ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የትኛዋ እንደሆነች ሊያውቅ አይችልም። ስም መቀየርን እንደ ትሕትና የምትቆጥሩት ነገር እኔን የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ በር ከማንኳኳት ማምለጫ ነው።

ከየት አወቅህ በሉኝ። ከራሴ። ለወላጆች ቀን የሠራነውን፣ ስለ ሰካራሙ አባት የሚያወራውን ድራማ ታስታውሳላችሁ? እጃችሁ እስኪቀላ ያጨበጨባችሁለትን። ያ አባት የአንዲት ተማሪዬ አባት ነበር። ለቤት ሥራ በጻፈችው ድርሰት ውስጥ ነው ያገኘሁት። እኔም ስም ቀይሬ ነበር። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ማታ በሩን ሲያንኳኳ የሚላትን ነገር ከጓደኛዋ አፍ ሰማችው። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። ትምህርት ቤት ቀየረች አሉኝ። ድራማው ዋንጫ አመጣልን።

ይሄንንስ ስትጽፍ አንተ እናትየውን ጠይቀሃል ወይ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትናንት ወርጄ ከጉልቷ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። አንድ ቦታ አስቆመችኝና «እሱን አውጣው» አለች። አወጣሁት። ስለ ድራማው ያለችኝም አለ፤ ግን እኔ አልነግርህም። ራስህ ጠይቃት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ስክሪፕቱን ይዘህ ና፣ አብረን እንወርዳለን። ክፍል ሦስትን ቁጭ ብለህ ታነብላታለህ፤ እኔ አላነብልህም። እሺ ካለች ዳኛውን ያለ ሳንቲም እጫወትልሃለሁ። እምቢ ካለች ድንች ገዝተን እንመለሳለን።