የአድማጭ ብዛትና የዜማ ክብር



የጥምቀት ሰሞን በደረሰ ቁጥር ጆሮአችንን ከሚሞሉት ወሬዎች አንዱ የቁጥር ወሬ ነው። በጃን ሜዳ ይህን ያህል ምእመን ተገኘ፣ በጎንደር ይህን ያህል እንግዳ ገባ ይባላል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ወሬው ይበልጥ ሞቅ ብሏል። ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ በዓሉን ማክበሩ የሚያስደስት እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። የሚያሳስበው ቁጥሩ ከወሬነት አልፎ ሚዛን መሆን መጀመሩ ነው። በዓላትን ምክንያት በማድረግ በየከተማው መድረክ ሲተከል ስመ ጥሩው ድምፃዊ በትልቁ መድረክ በእልፍ ሕዝብ ፊት ይቆማል፤ ከገጠር የመጣው ባለማሲንቆ ግን በአንድ ጥግ በተሰጠችው ትንሽ መድረክ ለጥቂት ሰዎች ይጫወታል። ከዚያም «ሰው አልያዘለትም» ይባልና ለከርሞ ሳይጠራ ይቀራል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ትክክል አይደለም የሚል ነው። የሀገራችን የሕዝብ ዜማ ከመነሻው ለብዙ አድማጭ ታስቦ የተሠራ አይደለምና። ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ የሚጨፍሩት በአንድ ደጃፍ ላይ ነው፤ አድማጫቸው አንድ ቤተሰብ፣ ዋጋቸውም ሙልሙል ዳቦ ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም በዜማ እያነሡ ሲመርቁ የሚሰማቸው ከእንቅልፉ የነቃው አባወራና ቤተሰቡ ነው። አዝማሪውም ቢሆን ታዳሚው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ያዜማል፤ የሰሙን ፊት አይቶ ወርቁን ይወረውራል፤ የሚወደሰው ሲስቅ፣ የሚነካው ሲያፍር እየተመለከተ ቃሉን ያለሰልሳል ወይም ይስላል። እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚቻለው ሰው ከሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ነው። በአሥር ሺህ ሕዝብ ፊት ማን ለማን ግጥም ይሰጣል? በድምፅ ማጉያ ኃይል የሚሞላ አደባባይ ሕዝቡን ተመልካች ያደርገዋል፤ በትንሿ መድረክ ዙሪያ የቆመው ሰው ግን ተቀባይ ነው፤ ያጨበጭባል፣ ይመልሳል፣ ግጥምም ያዋጣል።

ከዜማ መሣሪያዎቻችን ሁሉ የከበረው በገናም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። አሥሩ አውታሮቹ የሚሰጡት ድምፅ ዝግ ያለና የሚያንሾካሹክ ስለሆነ በዐቢይ ጾም በጸጥታ ለሚያዳምጡ ጥቂት ሰዎች እንጂ ለጫጫታ አይስማማም። አባቶቻችን መሣሪያውን በንጉሥ ዳዊት ስም ይጠሩታል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደምናነበው ዳዊት በቤተ መንግሥት ሲደረድር አድማጩ አንድ ሰው፣ ክፉ መንፈስ ያስጨነቀው ሳኦል ነበር፤ ሳኦልም በዜማው ዕረፍት አገኘ። በዚያው መጽሐፍ ሴቶች ከየከተማው ወጥተው እየዘፈኑ የሳኦልን በሺህ፣ የዳዊትን በእልፍ ቆጥረው ባወደሱ ጊዜ ግን ከዘፈኑ የወጣው ቅንዓት ነው። አንድ ሰው የሰማው ዜማ ሕመምተኛን አሳረፈ፤ በቁጥር ያወዳደረው ዘፈን ወዳጅን ከወዳጅ ለየ። ልብ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

የአድማጭ ማነስ የዜማ ማነስ እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ ይፋት ቆላ ወረድ ብሎ አሊዩ አምባን ማሰብ ይበቃል። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው በአፋር በረሃ አቋርጠው ለሚመጡ ቅፍለቶች ማረፊያ የነበረች ታላቅ የሸዋ ገበያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ፣ በ1842ም ቻርልስ ጆንስተን አይተው ጽፈውላታል። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ በሚሸጥባት በዚያች የዓርብ ገበያ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ሐረሬው ይገናኝ ነበር። በኋላ መናገሻው ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሄደ፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ንግዱ በሐዲዱ አለፈ፤ የአሊዩ አምባም ገበያ ቀዘቀዘ። ዛሬ የደሴው አውራ ጎዳና በሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚያልፍ ሕዝቡም በዚያ ይበዛል። እንግዲህ ሕዝብ የሚከተለው መንገድን ነው። የአሊዩ አምባ ሰው ድንገት ዜማ ጠፍቶበት አይደለም አደባባዩ የሳሳው።

በዚህ ላይ ይፋትና አካባቢው በቅርብ ዓመታት ያየው መከራ አለ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ገባባት። እንዲህ ባለ አገር በዓል ለማክበር አደባባይ የወጣውን ሰው ቆጥሮ «አነሰ» ማለት ሐዘንተኛን በለቅሶው መመዘን ይሆናል። የጥምቀቱ ጭፈራና የእስላም ጎረቤቱ መንዙማ በአንድ ሸንተረር በሚሰሙበት በዚህ አገር አንድ ባለማሲንቆ ጥቂት ሰዎችን አሰባስቦ ቢያስቃቸው፣ የሠራው ሥራ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ጥቂት አድማጭ ያለውን አዝማሪ የናቁት ሁሉ ደግሞ አልተሳካላቸውም። ጠላት እንኳ አልናቀውም። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። በየገበያው ጥጋት ጥቂት ሰው ከቦት የሚያዜም አንድ ሰው ከመድፍ ባለቤት ዘንድ ይህን ያህል ከተፈራ፣ ኃይሉ ከታዳሚው ቁጥር እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በባሕር ማዶም ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የተባለው አሜሪካዊ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረጻቸው ዘፈኖች ገዢ አጥተው ተረስቶ ኖረ፤ በ1963 ፈላጊዎች ከመንደሩ አግኝተውት በኒውፖርት የሕዝብ ዘፈን በዓል ላይ ሲጫወት ግን የዘመኑ ወጣቶች ከእርሱ ለመማር ተሽቀዳደሙ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰፊ አድማጭ አልነበረውም፤ ዜማው ግን ያው ዜማ ነበር።

ይሁን እንጂ ለተቃራኒው ሐሳብም ጆሮ መስጠት ይገባል። አዝማሪ በምስጋና ብቻ አያድርም፤ ልጆች አሉት። ጥቂት አድማጭ ማለት ጥቂት ሽልማት ማለት ነው፤ አዘጋጁም የሚያወጣውን ገንዘብ መመለስ ይሻል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከእውነቱ የሚከተለው የባለማሲንቆው መባረር ሳይሆን የአከፋፈሉ መለወጥ ነው። የመንደር ዜማ ጠባቂ ደመወዙ በታዳሚ ራስ ሊቆጠርበት አይገባም፤ ለሥራው የተቆረጠ ዋጋ ተነግሮት ሊመጣ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የትንሿ መድረክ ሰዓት ትልቁ ድምፃዊ እስኪመጣ ድረስ የሚሞላ ክፍት ጊዜ መሆኑ ይቅር፤ የትልቁ ማጉያም በዚያች ሰዓት ዝም ይበል። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ መድረክ ከመትከል ይልቅ ሰው ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ሥፍራ ይዘጋጅለት። አራተኛ፣ የተጫዋቹ ስምና የመጣበት ቀዬ ይመዝገብ፤ ዜማው ይቀረጽ፤ የአካባቢው ትምህርት ቤት ልጆችም ቀርበው ይስሙ።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆችም አንድ ቃል ይጨመር። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱና ሲመለሱ ቀዳሚው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ ከበሮና ጸናጽሉ በማንም ማጉያ ሊዋጥ አይገባም። ሥርዓቱ ተጠብቆ ከተፈጸመ በኋላ ወጣቱ ተሰብስቦ በአገሩ ዜማ ቢደሰት የበዓሉ ጠላት አይደለም። ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው ሁለቱንም የሚያደነቁረው ጩኸት ነው።

በዘንድሮውም ጥምቀት ብዙ ሕዝብ ወዳለበት መሄድ የሚሻ ይሂድ። ነገር ግን በጉዞው መካከል በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ሰው የከበበው ባለማሲንቆ ቢያጋጥመው፣ ቁጥራቸውን ሳይመለከት ጥቂት ይቁም፤ ግጥምም ካለው ይስጥ።

በዓሉን የሰላምና የፍቅር ያድርግልን።