ምልክቱን ተዉት፤ ባለቤቱን አሳዩኝ

‹‹ኦሪጅናል›› የሚለውን ቃል ያህል የተንገላታ ቃል በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። መርካቶ ግቡ፣ ወይም መገናኛ ውረዱና የስልክና የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ቆማችሁ የአንድ ቻርጀር ዋጋ ጠይቁ። ‹‹ኦሪጅናል ነው››፣ ‹‹ዋናው ኦሪጅናል ነው››፣ ‹‹ኦሪጅናል ኮፒ ነው›› የሚሉ ሦስት መልሶች ሦስት ዋጋ ይዘው ይመጡላችኋል። ይህን ‹‹ኦሪጅናል ኮፒ›› የሚሉትን ሐረግ በማስተምርበት ዘመን ክፍል ውስጥ ላስረዳ ብሞክር ኖሮ ተማሪዎቼ የምቀልድ ይመስላቸው ነበር። ገበያ ውስጥ ግን ቀልድ አይደለም፤ የዋጋ ደረጃ ነው። ትንሽ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ልጁ ዕቃውን ገልብጦ ጀርባውን ያሳያችኋል። ‹‹ምልክቱን አያዩትም እንዴ፣ ጋሼ?›› ይላል። እውነትም ሲ እና ኢ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ታትመዋል። ገዢም ከፍሎ ይሄዳል።

የእኔ ጠብ ከእነዚህ ሁለት ፊደላት ጋር ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ እኛ ለእነርሱ ከሰጠናቸው ክብር ጋር ነው።

ምልክቱ የአውሮፓ ኅብረት ነው። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ዕቃውን ላብራቶሪ ውስጥ ፈትሾ ‹‹አልፏል›› ብሎ የመታው ማኅተም ይመስለዋል። አይደለም። ቻርጀር፣ ኪቦርድ፣ ማውስና መሰሎቻቸው ላይ ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው። የሕጉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃህ መመዘኛውን ማሟላቱን አረጋግጥ፤ ማስረጃህን በፋይል አደራጅ፤ ስምህን ጽፈህ ፈርም፤ ፋይሉን ለ10 ዓመት አስቀምጥ፤ ተቆጣጣሪ በጠየቀህ ቀን አቅርብ። ስለዚህ ምልክቱ ቃል ኪዳን እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም። ቃል ኪዳን ደግሞ የሚመዘነው በገባው ሰው ነው። በቅኔ ቋንቋ እንነጋገር ከተባለ ምልክቱ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከጀርባው ያለው ፋይልና ፊርማ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ሰሙ ብቻ ነው።

‹‹እኛ እንኳ እናውቃለን›› የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት በዓይናቸው ይለኩና ‹‹ይሄ ጠበብ ስላለ የቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው፣ ያኛው ሰፋ ስላለ የአውሮፓ ነው›› ይላሉ። ‹‹ቻይና ኤክስፖርት›› የሚባል የታወቀ ምልክት የለም። ፊደላቱን በትክክለኛው ስፋት ማተም ደግሞ አጥብቦ ከማተም አንድ ሳንቲም አይበልጥም። አያቶቻችን ማርትሬዛ ሲቀበሉ የእቴጌይቱን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል። ብሩ መቼም ይመታ የትም ይመታ የተጻፈበት ዓመት ያው 1780 ስለሆነ ከቁጥሩ የሚገኝ ፍንጭ አልነበረም። እነርሱ ግን ሌላው ቢቀር ብሩ በእጃቸው ነበር፤ ሊመዝኑት ይችላሉ። ቻርጀር ሲዘጋ ታሽጎ ነው። ሆዱን ቀዶ ያላየ ሰው ውስጡን አያውቅም።

‹‹አምስት ቮልት ሰው ይገድላል እንዴ?›› የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በአግባቡ ይመለስ። ማውስና ኪቦርድ ኮምፒዩተሩ ከሚሰጣቸው አምስት ቮልት ላይ የሚወስዱት እጅግ ጥቂት ነው። የተለመደው አሮጌው የዩኤስቢ ቀዳዳ እንኳ ቢበዛ 2.5 ዋት ነው የሚሰጠው። ይህ ሰውን አይነዝርም። የአውሮፓው የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያም በኤሲ ከ50 ቮልት፣ በዲሲ ከ75 ቮልት በታች የሚሠራ ዕቃ አይመለከተኝም ይላል። ማውስ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው፤ መሆንም አለበት።

ቻርጀር ግን ሁለት ፊት አለው። በአንድ ጎኑ 5 ቮልት፣ በሌላው ጎኑ ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት። ሁለቱ ፊቶች በውስጡ እንዳይገናኙ የሚጠብቃቸው ወደ አምስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርቀትና ጥቂት የኢንሱሌሽን ሽፋን ነው። ወጪ ለመቀነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው፤ ከውጭ ስለማይታይ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የፍተሻ ድርጅት ሐሰተኛ የሆኑ 400 የአፕል ቻርጀሮችን ሲመረምር ከንዝረት ለመከላከል የሚበቃ ኢንሱሌሽን የተገኘባቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ዕቃዎቹ የተገዙት ሕግና ተቆጣጣሪ አለባቸው በሚባሉ አገሮች ጭምር ነው። ልጃችን ስልኳን ሰክታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ስትተኛ በእርሷና በ220 ቮልት መካከል ያለው ያቺ አምስት ሚሊ ሜትር ናት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ፓወር ባንክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቮልቱ ትንሽ ነው፤ ያጠራቀመው ጉልበት ግን ትንሽ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ሲቃወስ ያን ሁሉ ጉልበት በአንዴ ይለቀዋል። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ ‹‹ንግሥተ ሳባ›› የተባለው፣ ማንም ሳይኖርበት ጣሪያው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት አውሮፕላን ሲወድቅ አቅጣጫ በሚያመለክት አነስተኛ ማሰራጫ ውስጥ ነው። የማሰራጫዋ የባትሪ ሽቦዎች ክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ተገናኝተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛ፣ ያቺ ማሰራጫ ሰርተፍኬት ነበራት፤ አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ዕቃ ያለ ሰርተፍኬት አይገባም። ወረቀቱ እሳቱን አላስቀረውም። ሁለተኛ፣ አምራቿ ይታወቅ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ መሰሎቿ ያሉባቸው አውሮፕላኖች ተለይተው ምርመራ ታዘዘባቸው። ሰርተፍኬት ስህተትን ሁሉ አይከለክልም። ስህተቱ የታወቀ ዕለት ‹‹ማንን ልጥራ?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ መኖሩ ግን ቀጣዩን እሳት ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንከር የተባለው ኩባንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፓወር ባንኮቹን ከአሜሪካ ገዢዎች እጅ መልሼ ልሰብስብ ሲል ሰው የዕቃውን ቁጥር እያየ የእኔ ነው፣ የእኔ አይደለም ማለት ችሏል። እኛ አገር ‹‹ኦሪጅናል ኮፒ››ን ማን ይሰበስበዋል?

እኛ ግን የተያያዝነው ተቃራኒውን ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የግዕዝ ፊደል የታተመባቸው ቁልፎች ያሉት ባለ ገመድ ኪቦርድ እየገጣጠመ ይሸጣል። አንድ መሥሪያ ቤት ኪቦርድ ለመግዛት ጨረታ አወጣና ‹‹ዓለም አቀፍ የደህንነት ሰርተፍኬት አቅርብ›› አለው። ጠይቆ ሲያጣራ የውጭ ላብራቶሪ የሚያስከፍለው ከኪቦርዶቹ ጠቅላላ ዋጋ ይበልጣል። አዛኝ ጓደኞች መፍትሔ አላጡለትም፤ ‹‹ምን አስጨነቀህ፣ ተለጣፊውን እናሳትምልሃለን›› አሉት። አሻፈረኝ አለና ጨረታው አመለጠው። ያንን ሰርተፍኬት በጠየቁት ሰዎች ጠረጴዛ ሥር ግን አንዱ ዲቫይደር በሌላው ላይ ተሰክቶ፣ በላዩ አምስት ስም የለሽ ቻርጀር ተደርድሮ አየሁ ብሎኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። የማይገድለውን ኪቦርድ በወረቀት እናስጨንቃለን፤ የሚገድለውን ቻርጀር ‹‹ምልክት አለው›› ብለን እናሳልፋለን። ሐቀኛው ይቀጣል፣ ማተሚያ ቤት የሚያውቀው ይሸለማል።

‹‹ታዲያ ሁሉም በላብራቶሪ ይፈተሽ›› የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሁሉን እፈትሻለሁ የሚል መሥሪያ ቤት መጨረሻው ወረቀት መፈተሽ ነው። ‹‹ድሃ አገር ነን፣ ርካሹ ከተከለከለ ተማሪው ስልኩን በምን ይሙላ?›› የሚሉም አሉ። እነዚህን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን እኔ ርካሹ ይከልከል አላልኩም። ደግሞስ እሳቱ ማንን ነው የሚያገኘው? ያለው ሰው ቻርጀሩን ከውጭ ያስመጣል። አንድ ሶኬት ለአራት ሰው በሚጋራበት፣ ግድግዳው ጭቃና ካርቶን፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ በሆነበት ቤት የሚተኛው ነው የሚነደው። በድሃ ስም መከራከር የፈለገ ለድሃው ቤት ይከራከርለት።

የምለው ይህ ነው። ዕቃው በዋጋውና በመጠኑ ሳይሆን በጉልበቱ ይከፈል። ግድግዳ ላይ የሚሰካና ጉልበት የሚያጠራቅም፣ ማለትም ቻርጀር፣ ዲቫይደርና ፓወር ባንክ፣ አገር ሲገባ ናሙናው ተከፍቶ ይታይ። ቻይና ራሷ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የግዴታ ምልክቷ የሌለበት ፓወር ባንክ በአገሯ እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮም ምልክቱ የሌለውን በአገር ውስጥ በረራ ይዞ መሳፈር ከልክላለች። እዚያ የተከለከለው የት ሄዶ እንደሚሸጥ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ማውስ፣ ኪቦርድና ፍላሽ ግን በሻጩ ፊርማ ይለፉ፤ ተማሪዬም ፈርሞ ይሽጥ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ስም ይጻፍ። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ ምልክቱ ብቻውን አይበቃኝም ብሎ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ በኅብረቱ ውስጥ የሚጠየቅለት ሰው ስምና አድራሻ እንዲጻፍበት አዟል። አሜሪካም አምራቹ ራሱ የሚያረጋግጣቸው የኮምፒዩተር ተጓዳኝ ዕቃዎች በአገሯ የሚኖር ተጠያቂ እንዲኖራቸው ትጠይቃለች። እነርሱ ከምልክት ወደ ስም ሲሄዱ እኛ የእነርሱን ምልክት እያየን እንረካለን።

መሥሪያ ቤት አላጣንም። የደረጃዎች ተቋም ካቋቋምን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ስንቆጥር ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴው መለያ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል። ቃጠሎ በደረሰ ማግስት ሱቅ ማሸግ ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ መሆን ነው፤ የሚታሸገው ሱቅም ዕቃው ከየት እንደመጣ የማያውቀው የዚያ ምስኪን ልጅ ነው። ለመጀመሪያ አንድ መስመር ይበቃናል፤ በእያንዳንዱ ቻርጀርና ፓወር ባንክ ላይ፣ በአማርኛ፣ ‹‹አስመጪ›› ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስም፣ አድራሻና ስልክ። ይህን ለማስጻፍ ላብራቶሪም፣ ብድርም፣ የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። ስሙን ለመጻፍ የሚፈራ አስመጪ ካለ፣ ዕቃው ተከፍቶ ሳይታይ ስለ ውስጡ ነግሮናል።